አውራው ወጣ

ሐረር፣ ጥቅምት 2 ቀን 1953 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ እንደሻው፣ አሰብ።

አሰላሙ ዓለይኩም ብዬ ብጀምር «እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ» ብለው ሊስቁብኝ ነው። ጤና ይስጥልኝ ብዬ ብጀምር ደግሞ «የመሥሪያ ቤት ሰው መሰልክ» ሊሉኝ ነው። ሁለቱንም ብያለሁ፤ የወደዱትን ይውሰዱ። እኔም፣ ሙናም፣ ልጆቹም፣ ሁለቱ ቀፎዎችዎም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

የጠየቁኝን ልመልስ። ቀፎዎቹን ንክች አላደረግኋቸውም፤ በእርስዎና በእኔ ግቢ መካከል ባለው ግንብ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ከላያቸው ብቻ የሰሌን ጥላ ሠርቼላቸዋለሁ። አይ፣ አልነደፉኝም። ማለቴ ሁለት ጊዜ ብቻ። ሦስተኛዋን አልቆጥራትም፤ ሳላያት ተቀምጬባት ነው።

ወይዘሮ መርየም ቤትዎን ለሌላ ሰው አላከራዩም። በየጁምዓው ከመስጊድ ስመለስ በር ላይ ይጠብቁኛል። «የቴሌግራፍ ቤቱ ሰውዬ ይመለሳል?» ይሉኛል። ይመለሳል እላቸዋለሁ። «መቼ?» ይላሉ። ወደ ሐረር መልሱኝ ብሎ ያመለከተው ሲፈቀድለት እላቸዋለሁ። እስከ ሰኔ እጠብቃለሁ ብለዋል። እኔን ከጠየቁኝ ግን ከሰኔ በኋላም ይጠብቃሉ፤ አፋቸው ነው እንጂ ሆዳቸው ሌላ ነው።

እርስዎ ከሄዱ ሁለት ወር ሆነ። አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤቴ ሆነው ሲኖሩ ዝምታዎን እንኳ ለምጄው ኖሯል። ሰም ፍለጋ ያን ዕለት በርዎን ባላንኳኳ ኖሮ እኮ እኔም እንደ ማንም መጽሐፍ ጠራዥ ክሬን በገበያ ሰም እየቀባሁ፣ እጄ ሙጫ ሙጫ እየሸተተ፣ በሰላም እኖር ነበር። ሰም ስጡኝ ብዬ መጥቼ ንብ አሸከሙኝ። ባለፈው እሑድ ከከተማው በላይ ወዳለው ሐኪም ጋራ ወጥቼ፣ መንጋ ስናባርር ባርኔጣዎን ነፋስ የወሰደበት ገደል ጋ ደረስኩና ብቻዬን ሳቅሁ። አንዲት እንጨት ለቃሚ ሴትዮ ያበድኩ መስሏት መንገድ ለወጠች።

አንድ ነገር ልጠይቅ። የትልቁ ቀፎ ንቦች ከሰዓት በኋላ አፉ ላይ እንደ ጢም ተንጠልጥለው ይውላሉ። ሊወጡ ነው እንዴ? ብቻዬን መንጋ ይዤ አላውቅም። እርስዎ ይይዛሉ፣ እኔ መሰላሉን እይዛለሁ፤ እንዲህ ነበር እኮ ሥራችን።

ወንድምዎ አሚን


አሰብ፣ ኅዳር 6 ቀን 1953 ዓ.ም.

አሚን፣

ደብዳቤህ በሃያ ሁለት ቀኑ ደረሰኝ። ንቦችህ ይህን ያህል ትዕግሥት ካላቸው ጥሩ ነው።

ስለ ጤንነቴ ልንገርህ። ሙቀቱ ሸሚዜን በቀን ሦስት ጊዜ ያስለውጠኛል። እዚህ አበባ የሚባል ነገር የለም። ጨው አለ፣ ነፋስ አለ፣ ዝንብ አለ። አንዷ ጆሮዬ ሥር እዝዝ ስትል ንብ መስላኝ ቀና ብዬ ፈልጌአታለሁ። ዝንብ ናት። እንዲህ ነው የምኖረው።

አሁን ስማኝ። አፍ ላይ መንጠልጠላቸው ብቻውን ምልክት አይደለም፤ ሲሞቃቸውም ይንጠለጠላሉ። ድንጉላውን እይ፤ ያን ዓይነ ትልቅ፣ ወፍራም፣ መንደፊያ የሌለው ሥራ ፈት። ቀትር ላይ በብዛት እየጮኸ ከወጣ ከገባ ዝግጅት አለ ማለት ነው። ከዚያ በትንሹ አጭሰህ የማር እንጀራውን ጠርዝ ተመልከት። ለውዝ ከነልጣጩ የሚመስል ነገር ቁልቁል ተንጠልጥሎ ካገኘህ የአዲሱ አውራ ቤት እሱ ነው። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ጆሮህን ቀፎው ላይ ለጥፍ። ከውስጥ ቀጭን ጥሩምባ ይሰማሃል፤ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ካለበት ሆኖ ይመልሳል፣ ልክ እንደ ቴሌግራፍ ማሽኔ። ይህን ከሰማህ ጣጣው አልቋል፤ ዛሬ ነገ ይወጣሉ።

ሲወጡ ሰማዩ የሚቀደድ ይመስልሃል። አትሩጥ። መንጋ መጀመሪያ ቅርብ ቦታ ያርፋል፤ ከዚያ ነው ቤት የሚያፈላልጉ አሳሾች የሚልከው። ሆዱን በማር ሞልቶ ስለሚወጣ ያረፈ መንጋ አይናደፍም፤ አንተ ካልተርበተበትክበት በስተቀር። ውኃ በአፍህ ይዘህ እፍ በልበት፣ ክንፉ ይከብደዋል። ባዶውን ቀፎ በወይራ አጥነው፣ ውስጡን በጠጅ ሣር እሸው፣ ከሥሩ ያዝ። አውራውን ፈልግ። ወገበ ረጅም፣ ክንፈ አጭር ነው፤ ሲሄድ ሌሎቹ ያሳልፉታል። ቀዳዳ ባላት ትንሽ የሸምበቆ ቤት ከተህ ቀፎው ውስጥ ስታስቀምጠው የቀረው ተግተልትሎ ይገባል። አውራው ከሌለህ ግን ምንም የለህም።

የጨነቀህ እንደሆነ ቴሌግራም ላክ። ንብ ሃያ ሁለት ቀን አይጠብቅም። ደግሞ ሰላምታ እንዳታበዛ፤ በቴሌግራም ሰላምታ የሚደረድር ሰው ያናድደኛል። የሆነው ምን እንደሆነ፣ የምትፈልገው ምን እንደሆነ፣ ስምህ። በቃ።

ማመልከቻዬ አዲስ አበባ ደርሷል። እስከ ጥር መልስ ታገኛለህ ብለውኛል። ለወይዘሮ መርየም ይህን ንገራቸው። አንተ ታውቃለህ፣ ባለቤቴን የሺን የቀበርኳት እዚያ ነው፤ ያረጀሁትም እዚያ ነው። ሐረር ተመልሼ ካንተ ሰገነት ላይ ካልተቀመጥኩ ጡረታ የሚሉት ነገር ለእኔ ምንም አይደለም።

እንደሻው


ሐረር፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1953 ዓ.ም.

ጋሽ እንደሻው፣

ቴሌግራሜ አልደረሰዎትም? ለሦስት ቀን የቴሌግራፍ ቤቱን ደጅ ጠናሁ፤ መልስ የለም። ግርግሩ ነው ብዬ ተውኩት። ጃንሆይ ባሕር ማዶ ሳሉ አዲስ አበባ ላይ መንግሥት ገለበጥን ያሉ ሰዎች ተነሥተው እንዴት እንዳለቀ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ይሰማሉ። እዚህ ሰው ሁሉ ሬዲዮ ያለው ቤት ደጃፍ ተኮልኩሎ ነበር። እኔ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ስለ መንግሥት ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

የሆነው እንዲህ ነው። ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቶ ስላቆመ አበባውም ዘገየ። ታኅሣሥ 3 ቀን ረፋድ ላይ ትልቁ ቀፎ ተገለበጠ ማለት ይቻላል። ሰማዩ ጠቆረ፣ ሙና ልጆቹን ይዛ ቤት ዘጋች፣ እኔ ግን እንዳሉኝ አልሮጥኩም። ማለቴ ብዙ አልሮጥኩም። መንጋው «ፈላና በር» በሚባለው የከተማው በር ካለው ሾላ ላይ አረፈ፤ ልክ ከሥሩ ፋጡማ ሽንኩርት ዘርግታ በምትቀመጥበት። ከዚያ ወደ ቴሌግራፍ ቤት ሄጄ፣ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ እንዳስተማሩኝ ጻፍኩ፦

«አውራው ወጣ። መንጋው ተከትሎታል። ሌላ አውራ ሊነግሥ ነው። ምን ላድርግ። አሚን።»

በእርስዎ ቦታ የተተካው ከበደ ሁለት ጊዜ አንብቦ ቀና ብሎ አየኝ። «ይኸው ነው?» አለኝ። ይኸው ነው አልኩት። ወላሂ በአጻጻፌ ኮርቻለሁ።

መልስዎን ስጠብቅ መንጋው ሾላው ላይ አደረ። በማግስቱ የሐኪም ጋራውን ገበሬ ሐሰንን ለምኜ ቀፎውን እሱ ያዘልኝ፣ እኔ ወጣሁ። ፋጡማ ተነሺ ብላት እምቢ አለች።

«ይሄ ያንተ ነው?» አለችኝ ወደ ላይ እያየች።

«የጋሽ እንደሻው ነው።»

«እሱ አሰብ ሄዶ የለ እንዴ፤ ንቡ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ይጠብቀዋል።»

«እንግዲያ እሱም እንደኛ ነው» አለችና ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ሽንኩርቷን መደርደር ቀጠለች።

አሁን ይስቁ። አውራውን አገኘሁ ብዬ፣ ቢስሚላህ ብዬ፣ ሸምበቆዋ ውስጥ ከትቼ ቀፎው ውስጥ አስቀመጥኩት። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፤ አንድም ንብ ዘወር ብሎ ያየው የለም። ሐሰን በቀዳዳዋ አጮለቀና «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ድንጉላ ነው!» አለኝ። ዓይኑ ትልቅ፣ ወገቡ ወፍራም፣ ሹም የመሰለ ሥራ ፈት! ሦስት ጊዜ ውኃ እፍ ብዬ፣ እንደገና ፈልጌ፣ ከቅርንጫፉ አንጓ አጠገብ እውነተኛው ሲሄድ አየሁት። ወዲያው ታወቀኝ። ያሳልፉታል ብለውኝ የለ? አሳለፉት። ያዝኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን ባዩልኝ ኖሮ፤ መንጋው እንደ ጁምዓ ሰጋጅ ሰልፍ ሰልፉን እያለ ገባ። ፋጡማ እልል አለች። እኔ እንባዬ መጣ። አጠገቤ ቆሞ «ቀስ በል፣ አንተ ደንባራ» የሚለኝ ሰው አጥቼ ነው።

አሁን ቀፎዎችዎ ሦስት ናቸው። የጥርን መልስ ቶሎ ይጻፉልኝ።

አሚን


ሐረር፣ የካቲት 20 ቀን 1953 ዓ.ም.

ጋሽ እንደሻው፣

ከታኅሣሥ ወዲህ ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። ለሁለቱ መልስ አላገኘሁም። ታመው ከሆነ የሚጽፍልዎ ሰው ይፈልጉ። ተቀይመውኝ ከሆነ ግን ምን እንዳጠፋሁ ይንገሩኝ። ድንጉላውን ስለያዝኩ አይሆንም መቼም።

ጥር አለፈ። ወይዘሮ መርየም አሁን አይጠይቁኝም፤ ፊቴን አይተው ያልፋሉ።

አሚን


አሰብ፣ ግንቦት 11 ቀን 1953 ዓ.ም.

አሚን፣

ዝም ስላልኩህ ይቅርታ አድርግልኝ። አመም አድርጎኝ ነበር። ምን እንደነበረ አትጠይቀኝ፣ አልፏል። አልተቀየምኩህም። ይህን ደግመህ እንዳትጽፍ።

ቴሌግራምህ ደርሶኛል። አጭርና ግልጽ ነበር። ጥፋት የለበትም። ከእንግዲህ ግን ቴሌግራም አትላክልኝ፤ እኔ አሁን ከቴሌግራፍ ሥራ ወጥቼ ወደብ ላይ ዕቃ ግምጃ ቤት ነኝ። እግዜር ይስጣቸውና፣ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ጆሮዬ ዕረፍት አግኝቷል። ከረጢት አይጮኽም።

ያመለከትኩት አልተሳካም። ለወይዘሮ መርየም ቤታቸውን ያከራዩ በልልኝ፤ ስለ ጠበቁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ድንጉላውን በሸምበቆ ማሰርህን ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ በአምስት ወር ውስጥ ሳቅሁ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ስለ ንብ ስትጽፍልኝ ከዛሬ ጀምሮ «አውራ» አትበል። እዚህ ያገኘሁት አንድ የመርከብ ሐኪም አገሩ ንብ ያረባ ነበር፤ አውራ የምንለው ወንድ ሳይሆን ሴት ናት፣ ቀፎውን ሙሉ የምትወልደው እሷ ናት አለኝ። ንግሥት ይሏታል። አንተ ንግሥትም አትበላት። እናት በላት። «እናቲቱ ወጣች» በል። እናት የሚለው ቃል ማንንም አያስቆጣም።

ቁም ነገሬ ነው፤ እንዳትቀልድበት።

እንደሻው


ሐረር፣ ሐምሌ 3 ቀን 1953 ዓ.ም.

ጋሽ እንደሻው፣

ሱብሐነላህ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «አውራውን አትንካ፣ አውራውን አየኸው ወይ፣ አውራው ካመለጠህ አለቀልህ» ሲሉኝ ኖረው ዛሬ እናት ነው በል ይሉኛል? ለሐሰን ነገርኩት። መቆፈሪያውን ተደግፎ እስኪበቃው ሳቀና «የአሰብ ፀሐይ ነው» አለ። እኔ ግን እሺ ብያለሁ። እናት ካሉ እናት ናት። እንዲያውም አንድ ቀን ሙሉ ቀፎው አጠገብ ተቀምጬ ሳስበው ትክክል መሰለኝ። እሷ ስትወጣ ሁሉም ቤቱን ጥሎ የሚከተላት ፈርቶ አይመስልም።

ደግሞ ወደ የሺ መቃብር ሄጃለሁ። በአጥሩ በር የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ሲያስገባኝ ዓይኑን አጨናበሰ፤ የጋሽ እንደሻው ጎረቤት ነኝ ስለው ግን ራሱ መራኝ። ሣሩን አጭጄአለሁ። ነጭ አበባ በቅሎበታል፣ ንብ ነበረበት። የእኛ ይሁኑ አይሁኑ አልጠየቅኋቸውም።

ወይዘሮ መርየም መልእክትዎን ሰምተው «እኔ ቤቴን መቼ እንደማከራይ አሰብ ያለ ሰው አይነግረኝም» ብለዋል።

የደበቁኝ ነገር አለ፣ ጋሼ። አጻጻፍዎን አውቀዋለሁ። ደስ ሲልዎት ይሰድቡኛል፤ በዚያ ደብዳቤ አንድም ስድብ የለበትም። ሲሻዎት ይነግሩኛል።

አሚን


ሐረር፣ መጋቢት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.

ጋሽ እንደሻው፣

ዋሽተውኛል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ስለ ነፋሱና ስለ ጨው ሲጽፉልኝ፣ እኔም ስለ ቀፎ ስጽፍልዎ፣ ዋናውን ነገር ደብቀውኛል።

እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርዎ። እንደሚያውቁት ከመሥሪያ ቤቶች አሮጌ ወረቀት ይመጣልኛል፤ በየዓመቱ ለይቼ፣ ሰፍቼ፣ በቆዳ ለብጄ እመልሳለሁ። አባቴ መርፌ ሲያስይዘኝ መጀመሪያ የነገረኝ «ጠራዥ አያነብም» ብሎ ነው። የገጹን ቁጥር ያያል እንጂ የሰው ምስጢር አያይም። በዚህ ነው ሰው ወረቀቱን የሚያምነን። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሠራሁ። ባለፈው ማክሰኞ ግን ከጥቅሉ መካከል የገዛ እጅ ጽሕፈቴን አየሁ። «አውራው ወጣ» ይላል፤ ከሥሩ በቀይ እርሳስ ሁለት ጊዜ ተሠምሮበታል። ከዚያ ወዲያ ባላነብ ሰው አይደለሁም።

እርስዎ የተጠየቁት ተገልብጦ ከአሰብ ተልኳል። ከነቃሉ አስታውሰዋለሁ፦

«ጥያቄ፦ አውራው ወጣ የተባለው ማን ነው? መልስ፦ ንብ ነው። ጥያቄ፦ ሊነግሥ ነው የተባለው ሌላ አውራስ? መልስ፦ እሱም ንብ ነው። ጥያቄ፦ መንጋው የተባለው የትኛው ጦር ነው? መልስ፦ ንብ ነው ብያለሁ። ጥያቄ፦ አሚን ማን ነው? መልስ፦ ሰው አይደለም። እኛ ጸሎት ስንጨርስ አሜን እንደምንል እስላሞች አሚን ይላሉ። የላከው ሰው ሲጨርስ አሚን አለ እንጂ ስሙን አልጻፈም። ጥያቄ፦ ላኪው ማን ነው? መልስ፦ አላውቅም።»

ከበደም እዚህ ተጠይቆ «ብዙ ሰው ይመጣል፣ መልኩን አላስታውስም» ብሎ ፈርሟል። በየሳምንቱ ሰላም የምለው ከበደ! አንድም ቀን ትንፍሽ አላለልኝም።

ከሁሉ በታች ውሳኔው አለ። ላኪውን ስለ ደበቀ ከቴሌግራፍ ሥራ ይነሣ፤ ወደ ሐረር እንዳይዛወር።

ጋሼ፣ ስሜን ጸሎት አድርገው ደበቁኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የጠየቁዎት፤ «ጎረቤቴ ነው፣ ጠራዥ ነው» ቢሉ በዚያው ጥር ቤትዎ ይገቡ ነበር። እኔ እዚህ ልጆቼን ይዤ፣ ማሬን እየቆረጥኩ፣ ለምን አልጻፉልኝም እያልኩ ሳኮርፍ ከረምኩ። አፍሬያለሁ። የማደርገውን ሳጣ ወረቀቱን ገልብጬ ተቀመጥኩ፤ ሙና ሰው የሞተብኝ መስሏት ጎረቤት ልትጠራ ነበር።

ነገ ጠዋት ጥራዙን ይዤ ወደ መሥሪያ ቤቱ እሄዳለሁ። ያሳየኋቸው እንደሆነ አሚን ሰው ነው፣ እኔው ነኝ እላቸዋለሁ። አይከልክሉኝ፤ ደብዳቤዎ ሃያ ሁለት ቀን ስለሚፈጅ አይደርስም።

አሚን


አሰብ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 1955 ዓ.ም.

አንተ ደንባራ!

አትሂድ። ይህን ስታነብ ሄደሃል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም አትሂድ ብዬ መጻፍ አለብኝ። የቀድሞ ባልደረቦቼ ዘንድ ቴሌግራም ልልክ ሄጄ በር ላይ ቆሜ ተመለስኩ። የቴሌግራም ነገር ለሁለታችንም አይበጅም።

ለምን አልነገርከኝም ብለሃል። ምን ልበልህ? «ቴሌግራምህ አስጠየቀኝ» ብልህ በዚያው ቀን ሮጠህ «እኔ ነኝ» ልትል። ይኸው በሁለት ዓመቱም ያው ነው ያደረግከው። ደግሞስ ጥፋቱ የማን ነው? ሰላምታ አታብዛ ያልኩህ እኔ ነኝ። «ውድ ጋሽ እንደሻው፣ እንደምን አሉ፣ ንቦችዎ ደህና ናቸው» ብለህ ጀምረህ ቢሆን ማንም አይጠረጥርም ነበር። «ንብ» የሚለውን ቃል ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ጀግና አድርገህ እንዳታስበኝ። ፈርቼ ነበር። ስምህ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። «አሚን» ብዬ ጀምሬዋለሁ እኮ፤ ከወጣ በኋላ ነው ጸሎት ያደረግኩት።

እንዴት እንደሆንክ ቶሎ ጻፍልኝ። ምንም አትደብቅ።

እንደሻው


ሐረር፣ ጥቅምት 5 ቀን 1956 ዓ.ም.

ጋሽ እንደሻው፣

ስለዘገየሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ደህና ነኝ። ሁሉም ደህና ነው። ሹሙ አዲስ ሰው ነው፣ ጨዋ ነው። ስለ ንብ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁት፤ መንጋ ከመውጣቱ በፊት ምን እንደሚታይ፣ ድንጉላው እንዴት እንደሚበዛ፣ ጥሩምባው እንዴት እንደሚሰማ። የሸምበቆዋን ቤት ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት፤ ወደ ብርሃን አድርጎ በቀዳዳዋ አየ። መጨረሻ ላይ «ታዲያ ይህን ያህል ወረቀት የጻፍነው ስለ ዝንብ ነው?» አለ። ስለ ንብ አልኩት። ላኪው ታውቋል፣ ነገሩ የንብ ነው ብሎ ፈርሞ ዘጋው። ዳግመኛ ቢያመለክቱ የሚከለክልዎ እንደሌለ ነግሮኛል። አሁኑኑ ይጻፉ፤ አንድ ቀን አያሳድሩ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኛል። ብዙ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ሱቁን እያሳደስኩ ስለሆነ ደብዳቤዎን በወይዘሮ መርየም በኩል ያድርጉልኝ።

ንቦቹ ሰባት ቀፎ ሆነዋል። ዘንድሮ ሁለት መንጋ ተይዟል። አንደኛው የማንም አይደለም፤ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሸዋ በር አንድ የጭነት መኪና መስታወት ላይ አርፎ፣ ሾፌሩ ዩሱፍ ግማሽ ቀን ሥራ ፈትቶ ቆመ። እናቲቱን ባየሁ ጊዜ ጮክ ብዬ «እናቲቱ መጣች!» ብል የተሰበሰበው ሰው ሁሉ የእኔን እናት ፈለገ።

ቤትዎ ተለስኗል። ይምጡ ብቻ።

አሚን


ሐረር፣ ጥር 21 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለአሚን፣ ጅጅጋ።

ጅጅጋ ብዬ ስጽፍ እጄ እምቢ አለኝ። ሌላ ቦታ እንዴት ብዬ ልጻፍልህ?

ተፈቀደልኝ። ቅዳሜ ገባሁ። አውቶቡሱ ሸዋ በር ሲቆም በመስኮት ባርኔጣዬን አወዛወዝኩ፤ እንደምትጠብቀኝ አልተጠራጠርኩም። ለማን እንዳወዛወዝኩ እንጃ። ሻንጣዬን ተሸክሜ ብቻዬን ወረድኩ። ፈላና በር ስደርስ ፋጡማ ሾላው ሥር ነበረች፤ አየችኝና ተነሥታ እጄን ሳመችኝ፣ ከዚያ ፊቷን አዞረች። ሱቅህ ደረስኩ። ተቆልፏል። ውስጡ በቀዳዳ ይታያል፤ መጭመቂያው የለም፣ ቆዳው የለም፣ መደርደሪያው ባዶ ነው። ይህ ነው የምታሳድሰው ሱቅ?

ወይዘሮ መርየም ቁልፌን ሰጡኝና «እኔ አይንገሩት ተብዬ ምያለሁ» አሉኝ፤ ከዚያ ተቀምጠው ሁሉንም ነገሩኝ። «እኔ ነኝ አሚን» ስትል፣ ሹሙ «እንዴት አወቅህ?» ብሎ እንደ ጠየቀህ። አንብቤ እንዳልክ። የእኔን ነገር ንብ ነው ብሎ እንደዘጋ፣ ያንተን ግን እንዳልዘጋ። ሦስት ጊዜ እንደ ጠሩህ። ከዚያ ወዲያ የሚያነብ ጠራዥ ነው ተብሎ አንድም መሥሪያ ቤት አንድ ወረቀት እንዳልሰጠህ፣ ነጋዴውም እነሱን አይቶ እንደ ሸሸህ። መጭመቂያህን ሸጠህ የሙና ወንድም ሱቅ ስኳር ልትመዝን ከሐምሌ ጀምሮ ጅጅጋ እንደ ሄድክ፤ ደብዳቤዎችህንም በሰው እጅ እየላክህ ከዚህ ፖስታ ቤት እንዲገቡ እንዳደረግክ። ሁለት መንጋ ተይዟል ያልከኝ፣ አንዱን አንተ ከመሄድህ በፊት፣ ሁለተኛውን ሐሰን ነው የያዘው።

ዋሸኸኝ ብዬ ልቆጣህ አሰብኩ። በምን አፌ?

ሐሰን ጠዋት ጠዋት እየመጣ ቀፎዎቹን ያያል። ሰባቱም ሞልተዋል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ወንበር ይዤ ሰገነትህ ላይ ወጣሁ። ስንት ዓመት ያለምኩት እሱን እኮ ነው። ንቡ ይገባል ይወጣል፣ ሐኪም ጋራ ከፊት ለፊት አለ፣ ከታች ሰው ይጯጯሃል፣ ሁሉም እንደነበረው ነው። ሩብ ሰዓት አልቆየሁም፤ ወረድኩ። አሰብ ላይ ሆኜ ሐረር ሐረር ስል የከረምኩት አንተን ኖሯል፣ አሚን። ይህን ለማወቅ እዚህ ድረስ መምጣት ነበረብኝ።

አሁን ስማኝ። ዛሬ ጠዋት የትምህርት ቤቱን ዲሬክተር በቀለን አነጋገርኩት። ሦስት ክፍል ሙሉ የተቀዳደደ መጽሐፍ አለው። የሚጠርዝልህ ሰው አለኝ፣ ግን ያነባል ብዬ በግልጽ ነገርኩት። «ተማሪዎቼም እንዲህ ቢሆኑልኝ» አለኝ። መጭመቂያህን የገዛው ሰው ሸዋ በር ነው፤ እስካሁን ቆዳ አልለበጠበትም፣ ዕቃ ደርድሮበታል። እየተነጋገርን ነው። ልብ ብሎ ለሚያደምጥ ሰው መቼም አፍ አላጣም።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ ሾፌሩ ዩሱፍ ነው። ሐሙስ ባዶውን ይመለሳል፤ ሙናና ልጆቹ ከፊት ይቀመጣሉ፣ አንተ ከኋላ ከዕቃው ጋር። መልስ አትጻፍልኝ። ብትጽፍም አላነብልህም፤ ደህና ነኝ የሚል ወረቀት ካንተ እጅ ከእንግዲህ አልቀበልም።

ና።

እንደሻው